ሰባቱ የምፅዋ ነፍሶች ቤት ሲቀይሩ

ኅዳር 4፣ ሰኞ፣ ጠዋት 12፡30

ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ አራት። በቃ። የመኪና ጎማ ካላማዳሪያው ተነፋ፣ ክንዴ ዛለ። ከአፉ የምትወጣውን ቀጭን ቱቦ ገንዳው ውሃ ውስጥ ከተትኩ፣ አረፋው ተንጣጣ፣ ዓሣዎቹ ወደ አረፋው መጡ። እስከ ማታ የሚበቃቸው አየር አላቸው። ደብተሬ፣ እጄ በብስክሌት ፖምፓ ስለደከመ የጽሑፍ ማማር አትጠብቅ።

ጠረጴዛው ሥር ውሃ። ቅዳሜም ነበረ፣ ትናንትም። እማማ አያንቱ ናቸው ብዬ አለፍኩት፤ የባሌ እናት ዓሣ ሲያበሉ ግማሹን ወለሉን ያጠጣሉ። ዛሬ ግን እማማ ገና አልተነሡም። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው።

የት/ቤት ደወል። ሮጥኩ።

ማታ 12፡00

ሰባቱም ደህና። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ጥቁሩ፣ ሦስት ነጭ ነጥብ ያለው፣ ሻለቃ ነው፤ ገንዳው የሱ ርስት ነው። ብርቱካናማዎቹ ሁለቱ ሙሽሮቹ። ሦስቱ ሰማያዊ ትንንሾች ስም የላቸውም፣ ስም እስክናወጣ አንድ ቦታ አይቆሙም። ሰባተኛው ዓሣ አይደለም፤ የሌላ ዛጎል ለብሶ የሚዞር ሸርጣን ነው፣ ዘበኛው እንለዋለን።

ሌላው ሰው ከምፅዋ ሲመለስ ሬዲዮ ያመጣል። የኔ ሰው ባሕር አመጣ። ታደሰ አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ላይ ሞተረኛ ነበር፤ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ወደ ትውልድ አገሩ መቱ ገባ፣ ከጭነት መኪናው መጀመሪያ የወረደው ዕቃ በሣር የተሸፈነ ስድስት ትልልቅ ጠርሙስ የባሕር ውሃ ነው። ይኸው ሁለት ዓመት። አሁን ያ ጉልበት ከነባለቤቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። ሲሄድ ያለኝ ይህን ነው፤ አብያቸው፣ አየር ስጫቸው፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አንሳፍፊላቸው፣ ገንዳውን ግን እስክመለስ እንዳትነኪው።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ሳህን ከሥር አስቀምጬ ዋልኩ። ሁለት ስኒ ተኩል። በባትሪ አየሁት፤ የብረቱ ማዕዘን ዝጎ ተላጧል፣ በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። ውሃውን የያዘው መስታወቱን ከብረቱ የሚያጣብቀው ስቱኮ ብቻ ነው። ገንዳውን በብረት ያሠራው ራሱ ታደሰ ነው። ጨው ብረት እንደሚበላ የመርከብ ሰው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ኖሯል? (ይህን ባያነብ ጥሩ ነው።)

ልጻፍለት? ከጻፍኩለት በክራንች ተነሥቶ ይመጣል። አውቀዋለሁ። ጉልበቱ ሳይረጋ ከተነሣ ዕድሜ ልኩን እንደሚያነክስ ሐኪሙ ነግሮታል፣ ራሱ ነው የጻፈልኝ። ስለዚህ ከባሌ እግርና ከሰባቱ አንዱን ምረጪ መባሌ ነው። አልመርጥም። ሁለቱም ይድናሉ። ዛሬ በላክሁት ደብዳቤ ዓሣዎቹ ደህና ናቸው አልኩ። እውነት ነው። ስለ ገንዳው አልጠየቀኝም።

ለእማማ ነገርኳቸው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ለዓሣዎቹ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ ለኔ በአማርኛ ልጄ ጆሮ አንዲት ቃል እንዳትገባ አሉኝ። ተማማልን።

ከሰዓት ጋሼ ኑሪ መጡ፣ ባለሱቁ። ማክሰኞ የሳቸው ተራ ነው። ለአየሩ የሳምንት ተራ አለን፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ረቡዕ የታደሰ ነው፣ ስሙን አልፋቅሁትም፣ እኔ እሸፍንለታለሁ። ጋሼ ኑሪ አያታቸው ለሐጅ የተሻገሩትን ባሕር በጣታቸው የነኩት እኛ ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞን ለማንም አይለቁም። የሚንጠባጠበውን አዩ። እየነፉ አሰቡ። ስልሳ አራቱን ሲጨርሱ ሽቶና የእጅ ሰዓት የሚደረድሩበትን የሱቃቸውን ትልቅ የመስታወት ሣጥን እንድወስድ ነገሩኝ። መስታወቱ የአውራ ጣት ያህል ወፍራም ነው። እንዴት ይሆናል አልኳቸው። ሽቶው መደርደሪያም ላይ ይሸታል አሉ።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ጋሼ ደሳለኝ፣ አናጢው፣ ከመስታወቱ ጋር ተፋጠው ዋሉ። ከታችና ከጎን የዋንዛ እንጨት እንዲያቅፈው ነው የፈለግሁት። እሳቸው ሚስማር አሉ። እኔ ብረት የሚባል አይገባም አልኩ። ያለ ሚስማር ሣጥን ሠርተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። የእንጨት ሚስማር ይሥሩ አልኳቸው። ተቆጡ፣ ቆባቸውን አነሡ፣ ሄዱ። በር ላይ ደርሰው ተመለሱና የዓሣዎቹን ቁመት በክንድ ይለኩ ጀመር። ሻለቃ መስታወቱን በአፉ ገጨባቸው። ሳቁ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

ጨው ከፈለጉ ከብቱ የሚጠጣው የሆራ ውሃ አለ አይደል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብልቃጡን አሳየኋቸው። የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ነው፣ ታደሰ ውስጡ አሸዋ አድርጎ አፉን የደፈነው፤ የምፅዋ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ቀይዋ መስመር ልክ ውሃው ፊት ላይ ትቆማለች። ውሃው ጨው ካነሰው ትሰምጣለች፣ ከበዛው ብቅ ትላለች። የሆራ ውሃ መስመሯን ቢያሟላም ውስጡ ያለው ሌላ ነው አልኩ። ገባቸው መሰለኝ። ብልቃጡን ግን ለልጆቻቸው ሊያሳዩ ተውሰው ሊሄዱ ነበር፣ አልሰጠሁም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ሰም ከያዮ መጣ፣ አንድ ቅርጫት ሙሉ። ቤቱ ዛሬ ማር ማር ይላል። ጋሼ ደሳለኝ ያቀልጣሉ፣ እማማ በጨርቅ ያጠልላሉ፣ እኔ በየስንጥቁ በዶሮ ላባ እቀባለሁ። ጠጉሬ ውስጥ ሰም ገባ። ንብ ሁለት ጊዜ ነደፈችኝ፣ አንዴ አንገቴን አንዴ ኩራቴን፤ ስነደፍ የጮህኩትን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

አሮጌው ገንዳ ዛሬ አራት ስኒ አንጠባጠበ። ማዕዘኑን በሰም ደፈንኩት፤ ለሳምንት ቢይዝልኝ።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲሱን በምንጭ ውሃ ሞላነው። ሁላችንም ተቀምጠን ጠበቅን። ጋሼ ደሳለኝ በእግራቸው ዞሩት፣ እማማ በእጃቸው ዳሰሱት። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት። ደረቅ። አንዲት ጠብታ የለችም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደብተሬ፣ ይህ ሣጥን የአሮጌውን አንድ ተኩል ያህላል። ሻለቃ አውራጃ ሊሾም ነው።

አስተማሪ ነኝና ሁሉንም ሰብስቤ አስጠነቀቅኩ። ታደሰ ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ የሄደው ወረቀት አለ፣ ከዚያ አነበብኩላቸው፤ ሳሙና አይቅረበው፣ የድሮው ድንጋይና አሸዋ አይታጠብ፤ ውሃውን ንጹሕ የሚያደርገው እዚያ ላይ ያደገው ነገር ነው። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የወንዝ ዓሣ ሁለት ቀን ይኑርበት። ሁሉም ሰሙኝ። እማማ ሳሙና አይነካውም ብለው ደገሙ። ኮራሁ። ውሃውን ቀድተን አፈሰስነው።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ነገ የኅዳር ሚካኤል ነው። ከተማው በሙሉ ይጠርጋል፣ ቆሻሻው በየደጁ ተከምሯል። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የት/ቤቱን ግቢ ስጠርግ ዋልኩ። ቤት ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እማማ ወለሉን አሽተዋል፣ ግድግዳውን ለስነዋል፣ ጋቢዎቹ ገመድ ላይ ናቸው። አዲሱ ሣጥን ያበራል፣ ፊቴን አየሁበት። እጃቸውን ሳምኩ። እንዲህ ያለች አማት ለስንቱ ይሰጣል?

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ

ከጠዋት ጀምሮ ጭስ። መቱ የት እንዳለች አትታይም። ይህን አስቀድሜ አስቤበታለሁ፤ ጢስ የያዘ አየር ነፍቼ ዓሣዎቼን አላጥንም። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ቆሻሻው ሳይለኮስ፣ ከጭነት መኪና ሾፌሮች የተዋስኳቸውን ሦስት ካላማዳሪያዎች ጨምሬ አራት ነፋሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ጋሼ ኑሪ ተራዬን ነጠቅሽኝ ብለው ተቆጥተው መጡ፣ ግን በጭሱ ውስጥ ሲያስሉ ቆይተው ተረዱኝ። በሩን በእርጥብ ጋቢ ዘጋን። ውስጥ ተቀምጠን ንጹሕ አየር የሚተነፍሱ ሰባት ነፍሶች አየን። እኛ ዓይናችን ያለቅሳል፣ እነሱ ይጫወታሉ።

ኅዳር 13፣ ረቡዕ

ከት/ቤት መልስ እኔና እማማ ሶር ወንዝ። ለፈተናው ትንንሽ ዓሣ ልንይዝ። ወንፊት ይዘናል፣ ቀሚሳችንን ታጥቀናል። እማማ ኮቱ ኮቱ እያሉ ይጠሯቸዋል፣ በኦሮምኛ ነይ ማለታቸው ነው፣ ዶሮ ይመስል። እግሬ ድንጋይ ሳተና ቁጭ አልኩ፣ ውሃው እስከ ደረቴ። ሊያነሡኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሳቸውም ገቡ። የስልሳ አምስት ዓመት ሴት ወንዝ ውስጥ ተቀምጣ እንዲያ ስትስቅ አይቼ አላውቅም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አብደዋል ብለው አዩን። አምስት ያዝን። አዲሱን በምንጭ ውሃ ሞልቼ ከተትኳቸው፣ በአየር፣ በምግብ። ተሯሯጡ። ደስ ይላል።

ኅዳር 14፣ ኀሙስ፣ ጠዋት

አምስቱም ሞተዋል። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው።

ማታ

ደሜ ፈላ። ጋሼ ደሳለኝ የሚሠሩበት ቤት ሄድኩ። እንጨቱ ምን ተቀብቶ ነበር፣ ሰሙ ውስጥ ምን ጨመሩ፣ በሰው ፊት ጠየቅኋቸው። ከሰም በቀር ምንም አሉ። አላመንኩም፣ አለማመኔንም ነገርኳቸው። መዶሻቸውን አስቀምጠው አዩኝ። ያን አስተያየት አልወደድኩትም።

አሮጌው አሁን በቀን ግማሽ ባልዲ ያፈሳል፤ እየቀዳሁ እመልስለታለሁ። የያዮ ሰም ከዝገት ላይ ይላቀቃል። አንድ ሳምንት ቢቆይ ነው። አንድ ማዕዘን ከለቀቀ ሰባቱ ወለል ላይ ናቸው። የታደሰ ደብዳቤ መጣ፤ መራመድ ጀምሯል፣ ሻለቃን ሳሚልኝ ይላል። አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ጾመ ነቢያት ትናንት ገባ። እማማ በጾም ለዓሣ ሥጋ በቤት ቢላ አይከተፍም ብለዋል፣ ስለዚህ ትል ልቆፍር ወደ ምንጩ ወረድኩ።

ሴቶች ጋቢ ያጥባሉ። እንዶድ ቀጥቅጠው ያሻሉ፣ አረፋው ነጭ ሆኖ ይወርዳል። አረፋው የወረደበትን ተከትዬ ወደ ታች አየሁ። ትንንሽ ዓሣዎች። ሆዳቸው ወደ ላይ። ልክ እንደኔዎቹ።

እግሬ አውጪኝ ወደ ቤት። እማማ፣ ሣጥኑን በምን አጠቡት? ተገርመው አዩኝ። በእንዶድ ነዋ፣ ለሚካኤል ዋዜማ ቆሻሻ ልተውልሽ ኖሯል? ሳሙና አይነካው ብያለሁ እኮ አልኩ። «ሳሙና መቼ ነካሁት፣ ልጄ?» አሉኝ። «እንዶድ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ሳሙና ብቻ ነው ያልኩት፤ ጋቢ ሁሉ በእንዶድ በሚነጣበት አገር ተወልጄ እንዶድ ማለት ረሳሁ። አምስት ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ እማማ ዓሣዎቹን እኔ ገደልኳቸው ብለው ነጠላቸውን በፊታቸው ሳቡ። ከዚያ በኋላ ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አቀፍኳቸው። ትንሽ አለቀሱ። ቆይተው ከነጠላቸው ሥር ግን መስታወቱ ነጽቶ አልነበረም ወይ አሉኝ። ነጽቶ ነበር። ሳቅን።

ከሰዓት

ለጋሼ ደሳለኝ አንድ ቅል ማር ይዤ ሄድኩ። ትናንትና የሰደብኳቸው በሰው ፊት ነው፣ ይቅርታም በሰው ፊት ጠየቅሁ። (ትናንት ሳይሆን ኀሙስ ነው። ቀኑ ጠፍቶብኛል።) ማሩን አልነኩም። ነገሩን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ላላ። አንዶዴ ሲሉ በኦሮምኛ ደገሙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። መፋቂያቸውን ያዙና ተከተሉኝ። የላይኛውን ሰም በሙሉ ፍቀን አዲስ እንቀባለን አሉ። ማሩን ሲወጡ ነው የያዙት።

ኅዳር 18፣ ሰኞ

ሰሙ ታደሰ። (የባሌ ስም ብዕሬ ላይ እንዴት ይመጣል።) ዛሬ ማጠቢያ ቀን ነው። ሰባት ጊዜ ሞልተን ሰባት ጊዜ አፈሰስን፣ በንጹሕ ምንጭ ውሃ ብቻ። ከምንጩ እስከ ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ እንስራና ባልዲ ይቀባበላል። የመጨረሻውን እንስራ እማማ ራሳቸው ተሸከሙ፤ እንቢ ብንላቸው አልሰማ አሉ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ጋሼ ኑሪ፣ እማማና እኔ ሶር። ጋሼ ኑሪ ሱሪያቸውን አጥፈው ሦስት ያዙ፣ እማማ ሁለት፣ እኔ ምንም። ማታ ከተትናቸው። አየር ነፋሁ። ዛሬ አልቆጥርም ብዬ ስልሳ አራት ላይ ራሴን አገኘሁት።

ኅዳር 20፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

አምስቱም ይዋኛሉ።

ኅዳር 22፣ ዓርብ

አሁንም አምስት። ትል ሁሉ ይበላሉ፣ አንዷ ወፍራለች። ከሰዓት ወስደን ሶር መለስናቸው፣ እማማ አመስግነው ሸኟቸው፣ ገለቶሚ እያሉ። ነገ ነው። ከአሮጌው ሥር ባልዲው ሌሊቱን ሞልቶ ፈሰሰ። ነገ ካልሆነ የለም።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1፡00

ጀመርን። በተቀሩት ሁለት ጠርሙሶች የባሕር ውሃና ባለፈው ክረምት ከሰማይ በያዝነው የዝናብ ውሃ ውስጥ የጋሼ ኑሪን የባሕር ጨው ትናንት አሟሟሁ። ብልቃጡ ሰመጠ፤ ጨው ጨመርኩ። ብቅ አለ፤ ውሃ ጨመርኩ። ሦስተኛው ላይ ቀይዋ መስመር ቆመች። በሙቅ ጠርሙስ አሞቅሁት፤ ክርኔን ስከት የአሮጌው ያህል ነው።

3፡00

የአሮጌውን ግማሽ ውሃ በትልቁ የእናሜል ሳፋ ቀዳን። ሻለቃን በወንፊት ያዝኩ። ዘለለ። እማማ ነጠላቸውን ዘርግተው ተቀበሉት፣ እንደ ሕፃን። ሳፋው ውስጥ ገባ። ሙሽሮቹ ተያይዘው ገቡ። ሦስቱ ሰማያዊዎች አንድ ሰዓት ፈጁብን፣ ጋሼ ደሳለኝ በወንፊት፣ እኔ በእጄ፣ ጋሼ ኑሪ በምክር።

4፡30

ድንጋዮቹ በእርጥብ ጨርቅ ሥር ናቸው፣ አንድም አልታጠበም። አሸዋው በማሰሮ ወደ አዲሱ ገባ። ድንጋዩ ተከተለ። የድሮው ውሃ ተከተለ። አዲሱ ውሃ በስኒ በስኒ፣ ዓሣ እንዳይደነግጥ።

6፡00

ስድስት።

ዓሣዎቹ ከሳፋው ወደ አዲሱ ተሻግረዋል። ዘበኛው የለም። አሮጌው ባዶ ነው። ሳፋው ውስጥ የለም። ቀሪውን አሸዋ በወንፊት አየሁት፣ የለም። ጋሼ ደሳለኝ ጠረጴዛውን ሲያነሡ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ እያዩ ነው።

6፡40

ተገኘ። የእማማ ጫማ ውስጥ። ከአሮጌው ማዕዘን በተሰነጠቀው ወጥቶ፣ ወለሉን ተሻግሮ፣ በር ላይ ደርሷል። ዛጎሉን ለብሶ፣ እጁን አውጥቶ። ይህ የጥበቃ ሥራ ነው ወይስ ክህደት? እማማ ጫማቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ ሳቁ ትንፋሻቸውን ወሰደው። ሰባት። ሰባቱም አዲሱ ውስጥ። ደብተሬ፣ ሰባት።

ኅዳር 25፣ ሰኞ

ውሃው እንደ አጃ ውሃ ነጣ። ሻለቃ አይታይም። የታደሰን ወረቀት አወጣሁ፤ ውሃ ቢደፈርስ ሁለት ቀን አታብይ፣ አየር ጨምሪ፣ አትንኪ ይላል። አለመንካት ከመንካት ይከብዳል። እማማ ይራባሉ ብለው ሁለት ጊዜ ትል ይዘው ሲመጡ ያዝኳቸው።

ኅዳር 27፣ ረቡዕ

ነጻ። ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሻለቃ አውራጃውን ይዞራል፣ ሰማያዊዎቹ ይሸሻሉ፣ አሁን ቦታ ስላለ ያመልጡታል። ቀይዋ መስመር በቦታዋ። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ የታደሰ ተራ። ስልሳ አራቱን በደስታ ነፋሁለት።

ኅዳር 30፣ ቅዳሜ

ቴሌግራም። ሰኞ ጎሬ በአውሮፕላን ይደርሳል፣ ከዚያ በላንድሮቨር። መጨረሻው ሦስት ቃል ነው፤ እግሬ ድኗል እመጣለሁ።

ሙሽሮቹ አንድ ድንጋይ በአፋቸው ሲጠርጉ ዋሉ። እማማ ለኅዳር ሚካኤል ዘገዩ አሉ።

ታኅሣሥ 1፣ እሑድ

ደብተሬ፣ እንቁላል። ድንጋዩ ላይ፣ ብርቱካናማ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ከመቶ ይበልጣል። ሁለቱም ተራ በተራ በክንፋቸው ያራግቡለታል። ሻለቃ ቀረብ ሲል ትንሿ ሙሽራ ነክሳ አባረረችው። በአሮጌው ገንዳ ሁለት ዓመት ኖረው አንድም አልጣሉም። እማማ ጋሼ ኑሪን ጠሩ፣ ጋሼ ኑሪ ጋሼ ደሳለኝን ጠሩ፣ ጋሼ ደሳለኝ ሚስታቸውን። ቤቱ የልደት ቤት መሰለ፣ እማማ በጾም የቅቤ ገንፎ የሚበላ ቢሆን አገነፋ ነበር አሉ።

ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ፣ ማታ

መጣ። በከዘራ፣ ያለ ክራንች። ግቢ ሲገባ መጀመሪያ ያየው አሮጌውን ገንዳ ነው። እማማ ለዶሮ ሰጥተውታል፤ ዶሮዋ ውስጡ ገለባ ላይ ተቀምጣለች። ፊቱ አመድ ሆነ። እጁን ይዤ አስገባሁት።

ቆመ። ቀስ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩ ሲቆጥር አየሁት። ሰባት ላይ ደረሰ፣ እንደገና ጀመረ። ሙሽሮቹንና ድንጋዩን ሲያይ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ማን ነው አይዞሽ ያለሽ የሚል ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። ጋሼ ኑሪ መስታወቱን፣ ጋሼ ደሳለኝ የእንጨት ሚስማሩን፣ እማማ ከእንዶድ በቀር ሁሉንም። ሁሉም ሲጨርሱ ታደሰ ምንም አልገባኝም፣ አንቺ ንገሪኝ አለ። እኔም ጀምሬ ማልቀስና መሳቅ ስቀላቅል አልሆነልኝም።

አሁን ሁሉም ሄደዋል። እሱ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ደብተሬ፣ አንተን ልሰጠው ነው። ስለ ብረቱ ያልኩትን ልቅደድ ብዬ ነበር፣ የእማማን እንዶድ፣ ደብዳቤው ላይ የደበቅሁትን፣ ያለቀስኩበትን ቀን። አንድም ገጽ አልቀድም። ያንብብ፤ የምቆጣው እሱ ከተቆጣ ብቻ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለችውን የተራ ወረቀት ግን አስቀድሞ አይቷታል። ስሜን አልፋቅሽውም አለኝ። አልፋቅሁትም። ከነገ ወዲያ ረቡዕ ነው።